ሪሌ አማች የለውም

ኦቦ ቶሌራ መሞቱን የነገረኝ ደሬሳ ነው፣ የደንዲ ሐይቁ ጀልባ ነጂ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት ስጽፍ ስልኬ ጮኸ።

«ኢንጂነር፣ የባትሪው ሰውዬ አረፈ» አለኝ።

«ያ አፉ ነው?»

«አፉ ነው አሉ። ምላሱ ላይ የወጣው ነገር ነው።»

አላለቀስኩም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ማቅለሽለሽ ነው። አፌ ውስጥ የሚኮመጥጥ ነገር ተሰማኝ፤ ተነስቼ ደጅ ወጣሁና ተፋሁ። አምቦ ውስጥ ኦቦ ቶሌራን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተፋሁ ይገባዋል። ለማያውቀው ልንገር።

ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማደያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ቤት ነበረችው። በሩ ላይ በተደገፈ አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ባትሪ ይሞላል» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ መሬቱም መደርደሪያውም ባትሪ ነው፤ የአይሱዙ፣ የሚኒባስ፣ የትራክተር፣ የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ባትሪ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፤ የተበላሸ እንቁላል ላይ ኮምጣጤ የደፉበት ነው የሚመስለው። ሱሪው ከጉልበቱ በታች በአሲድ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ሰላም ሲል እጁን አይሰጥም፣ ክርኑን ነው የሚዘረጋው። ከልማዶቹ ሁሉ የምወደው ይሄን ብቻ ነው።

ዋናው ግን ምላሱ ነው። ባትሪ ሲመጣለት ክዳኖቹን አንድ በአንድ ይፈታል፣ የትንሿን ጣቱን ጥፍር ውሃው ውስጥ ይነክራል፣ ከዛ ምላሱ ጫፍ ላይ ያስነካል። ዓይኑን ይጨፍናል። ወደ በሩ ዞሮ ቀጭንና ረጅም ምራቅ ይተፋል። የሚተፋበት ቦታ ላይ ሣር የሚባል ነገር አይበቅልም። ከዛ ይፈርዳል።

«ይሄ ርቦታል።» «ይሄ ተኝቷል።» «ይሄ ሞቷል፣ ወስደህ ቅበረው።»

የባትሪው ባለቤት አንድ ቃል አይመልስም። ባትሪውን ተሸክሞ ይሄዳል።

የፊት ጥርሶቹ ተበልተው ተበልተው ከድዱ ጋር እኩል ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። በዛ አፍ ይስቃል። በዛ ጣት ዳቦ ይቆርሳል። ከዛ ዳቦ ግማሹን ይዘረጋልሻል። መጀመሪያ ቀን ሲዘረጋልኝ «ጠግቤያለሁ» አልኩት።

«አልጠገብሽም። ከገባሽ ጀምሮ ሆድሽ ይጮኻል፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። «ተጸየፍኩህ በይኝ፣ አልቀየምም።»

«ተጸየፍኩህ።»

«ጎሽ» አለና ሁለቱንም ግማሽ በላው።

አንተ የምለው ባለጌ ስለሆንኩ አይደለም። አንቱ ብዬው «አንቱታውን ለአለቃሽ ወስደሽ ስጪው፣ ለኔ ኦቦ ይበቃኛል» ብሎ ስላስቀረኝ ነው።

ያኔ በኤሌክትሪካል ተመርቄ ገና ሥራ መያዜ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አምቦ ነው፤ የቀጠረኝም እዚሁ ያለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ነው። ቢሮው ደንዲ ሐይቅ ላይ አንዲት የብረት ጀልባ ነበረችው። ደንዲ ከጊንጪ ወደ ላይ፣ ተራራው አናት ላይ ነው፤ ዙሪያው ገደል። ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ መኪናው መንገድ ለመድረስ በእግር ሲዞሩ ግማሽ ቀናቸው ያልቃል። በጀልባ ቶሎ ነው። ጀልባዋ የተገዛችው ለአንድ ነገር ነው፦ ምጥ የያዛትን ሴት አምቡላንስ ወደሚቆምበት ዳር እንድታሻግር። ገበያተኛውም፣ ክትባቱም፣ እንግዳውም ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

እኔ ከመቀጠሬ ከአንድ ዓመት በፊት ጀልባዋ አልነሳም አለች። ያልነሳችላት ሴት ደግሞ የራሱ የደሬሳ ሚስት ጫልቱ ነበረች። ምጧ ጠንቷል። ደሬሳ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። አንድ ባትሪ ብቻ ነበር፣ እሱም አልቋል። በጣውላ እየቀዘፉ አሻገሯት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። እኔ ሥራ ስጀምር ጫልቱ እንደገና አርግዛ ነበር።

አለቃዬ አቶ ግርማ የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጠኝ ቆሞ ነው። «ሁለት ባትሪ ይግባ። አንዱ ለማስነሻ፣ አንዱ ለመብራቱና ለሌላው። እንዴት እንደሚሞሉ፣ እንዴት እንደሚቀያየሩ አንቺ ምረጪ። ጫልቱ ሳትወልድ ይለቅ።»

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሦስት አማራጭ በቀለም ፕሪንት አደረግኩ። የቢሮውን ባትሪዎች የሚሞላው ኦቦ ቶሌራ ስለነበር ወረቀቱን ይዤ እሱ ጋ ሄድኩ።

«አንደኛ» አልኩት፣ «አራት ቦታ ያለው የእጅ ማዞሪያ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለቱም፣ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ሁለቱን ባትሪዎች አገናኝቶ የሚያስሞላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚለያያቸው ሪሌ። ሦስተኛ…»

ወረቀቱን አላየውም። «ጀልባውን ማነው የሚነዳው?»

«ደሬሳ የሚባል ሰው። እሱ ምን ያደርጋል?»

«ሚስቱ የማን ልጅ ናት?»

«ኦቦ ቶሌራ፣ እኔ የጠየቅኩህ ስለ ባትሪ ነው።»

«እኔም ስለ ባትሪ ነው የጠየቅኩሽ። የሚስቱ አባት የት ነው የሚኖረው? ሩቅ ነው ቅርብ?»

ወረቀቴን አጠፍኩ። ሰክሯል እንዳልል ጴንጤ ነው፣ አይጠጣም። ስለዚህ ጃጅቷል አልኩ በሆዴ። እሱ ግን «ነገ ውሰጂኝ» አለ።

በማግስቱ በቢሮው ፒክአፕ ደንዲ ወጣን። መንገዱን ሁሉ መስኮት ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ፤ ምክንያቱ አየሩ አይደለም። እንደደረስን መሣሪያ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ከኪሱ ቆሎ ማውጣት ጀመረ። በዛው ጣት።

ጀልባዋ ከማዶ ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ስልክ ነው። እዚያ ገጠር መብራት አልገባም፣ ሞባይል ግን ገብቷል። ከባትሪው ራስ የተላጠ ሽቦ ተስቦ፣ ከሽቦው ላይ አስራ ምናምን ስልክ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። አንዳንዱ ስልክ ክዳን የለውም፣ በላስቲክ ታስሯል።

«ባትሪውን የጨረሰው ይሄ ነው እንዴ?» አልኩ ደሬሳን። ድምፄን አልቀነስኩም፤ መቀነስም አልችልበትም።

የመለሰልኝ ጀልባዋ ውስጥ የተቀመጠ፣ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ ነው። እሱም ስልኩን ከሽቦው እያወለቀ ነበር። «አትቆጪው። ደሬሳ እምቢ የሚባል ነገር አያውቅም። የማንን ልጅ እንዳገባ ያውቃል» አለኝና ሳቀ። ኦቦ ፈይሳ ይባላል፣ የጫልቱ አባት ነው። እሱ ሲያወራ ደሬሳ ኮፍያውን አውልቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል። ሽማግሌው ሲወርድ ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተለት፣ ክንዱን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ይሄ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። እኛም ቤት አባቴ የእናቴ አባት ሲመጣ ይቆማል፣ ቀና ብሎ አያየውም፣ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ይላል። ግን ይሄ ከባትሪ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ስንመለስ ኦቦ ቶሌራ እስከ ጊንጪ ቆሎውን እየቃመ መጣ። ከዛ «ያን ቀንም የሱ ስልክ ነበረች» አለ።

«የቱን ቀን?»

«ልጁ የሞተ ቀን። ባትሪውን ጠጥተው ያደሩት እነዚህ ስልኮች ናቸው። ደሬሳ ስልኩን ሲቀበለው እንደ ፍም ነው የያዛት፣ አላየሽም?»

አላየሁም። እኔ የማየው ሽቦውን ነበር።

«ማዞሪያ እንዳታስገቢ» አለኝ። «ማዞሪያ ካለ "ሁለቱም" የሚል ቦታ አለው። "ሁለቱም" የሚል ካለ ሽማግሌው "የመብራቱ ባትሪ ደከመብኝ፣ ሁለቱም ላይ አድርጋት ልጄ" ይላል። ደሬሳ ምን ሊል ነው? አልፈልግም ማለት አይችልም። አይቻልም ማለት ግን ይችላል። አይቻልም የሚልበትን ነገር ሥሪለት። የማስነሻውን ባትሪ ብረት ሳጥን ውስጥ አድርገሽ ከወንበሩ ሥር በብሎን እሰሪው። ከሱ የሚወጣው ገመድ ወደ ሞቶሪኖ ብቻ ይሂድ። የላይኛውን፣ የመብራቱን፣ ስልኮቹ ይብሉት። መሀላቸው ሪሌ ትገባለች። ዲናሞው ኃይል ሲሰጥ ትይዛለች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ትለቃለች። ማንም አይነካትም፣ ማንም አይለምናትም። ሪሌ አማች የለውም።»

«የታችኛው ባትሪ በራሱ ጊዜ ቢሞትስ? በማዞሪያው ቢሆን ከላይኛው ይነሳ ነበር።»

አገጩን አከከ። «ይሄ እውነት ነው» አለ። «አስብበታለሁ።»

«ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ስልኮቹን እጽፋለሁ።»

«"ባትሪው አርጅቶ ነበር" ብለሽ ጻፊ።»

«ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው። እውነቱን ከጻፍሽ ደሬሳ ይባረራል፤ ሽማግሌውም የልጅ ልጁን ማን እንደገደለ በማህተም ይነገረዋል። ባትሪው በዚህ ይሞላል?»

አንድ ሰው አሲድ ይልሳል፣ አማች ይቆጥራል፣ ከዛ ደግሞ ዋሺ ይላል። የምክንያቱን ቦታ ባዶ ተውኩት። የመፍትሔው ቦታ ላይ ማዞሪያውን ጻፍኩ።

አዎ፣ ማዞሪያውን። ከዚህ የሚብሰውን ልናገር፦ የራሴ ነጥብ፣ ከላይኛው ይነሳል ያልኩት፣ ትክክል ስለሆነ ብቻ አይደለም የመረጥኩት። ሪሌውን ብጽፍ በዛ ሰውዬ ምራቅ የፈረምኩ መስሎ ታየኝ። ከዛ አፍ የወጣ ነገር ትክክል ሊሆን አይችልም አልኩ። አምስት ዓመት የተማርኩት እሱን ልሰማ አይደለም አልኩ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፤ አቶ ግርማ «ጎበዝ» ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክኒሻን ገጠመው። ቀይ፣ የሚያምር ማዞሪያ። ለደሬሳ አስረዳሁት፦ ስታስነሳ ቁጥር አንድ ላይ፣ ስትቆም ቁጥር ሁለት ላይ፣ «ሁለቱም» የሚለውን ለጭንቅ ቀን ካልሆነ እንዳትነካ። በኦሮምኛ ጽፌ፣ በላስቲክ አሽጌ፣ ከመሪው አጠገብ ሰቀልኩለት። «ገብቶኛል» አለ። ገብቶት ነበር። ችግሩ አለመግባት አልነበረም።

ፎቶውን ለኦቦ ቶሌራ አሳየሁት። አተኩሮ አየው። ምንም ሳይቀምስ ተፋ።

«ታምራለች» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ለቁጥጥር ወጣሁ። ረፋድ ላይ ነው። ጀልባዋ ከመኪናው መንገድ ዳር ቆማለች። ማዞሪያው «ሁለቱም» ላይ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ።» ሁለቱንም ለካሁ፤ ሁለቱም ባዶ። በላስቲክ ያሸግኩት ጽሑፍ ከተሰቀለበት ወርዶ ወንበሩ ላይ ተነጥፏል፣ ስልኮቹ እርጥበት እንዳይነካቸው እሱ ላይ ተደርድረዋል።

«ደሬሳ፣ ምን ብዬህ ነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ኢንጂነር፣ ኦቦ ፈይሳ አባቴ ማለት ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ እሱንም ጠላሁት።

«ጫልቱ መቼ ነው የምትወልደው?»

«ዛሬም ነገም ይሆናል ብላለች ነርሷ።» በአገጩ ማዶውን አሳየኝ። ጫልቱ ያለችው እዛ ነው። ጀልባዋ እዚህ።

ያኔ የቀፈፈኝ ደሬሳ አይደለም፣ ሽማግሌውም አይደለም። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «አደራ» የሚለው ቃል ላይ የአንድ ሰው ስልክ ተኝቶበት።

ፒክአፑን አስነድቼ አምቦ ወረድኩ። ኦቦ ቶሌራ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ዳቦ ይበላል። «"ሁለቱም" ላይ ናት» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው። የቀረውን ዳቦ ኪሱ ከተተ፣ ቤቱን ዘጋ። በቀን ቤቱን ሲዘጋ ያየው ሰው የለም። ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች፣ አንድ የብረት ሳጥን፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣች ሪሌ ጫንን። ሳጥኑን አስቀድሞ አስበይዶት ነበር። ያወቀው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም። «አልኩሽ» አይልም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ቀዩን ማዞሪያ ነቅሎ ሰጠኝ። ከባትሪዎቹ የትኛው ወደ ሳጥኑ እንደሚገባ ለመምረጥ ክዳን ፈታ፣ ጥፍሩን ነከረ፣ ምላሱ ላይ አስነካ። ዳሩ ላይ ስልካቸውን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ሐይቁ ውስጥ ተፋ። እኔ ፊቴን ሳዞር ዓይኔ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ገለጥኩት። የአሲድ መለኪያ ነው፤ ጎማ ራስ ያለው የመስታወት ቱቦ፣ ውስጡ ተንሳፋፊ ያለው። ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ የነበረው ዓይነት። ንጹህ ነው፣ ጋዜጣውም የቅርብ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት፣ ለአንዴ ድምፄን ቀንሼ።

«መለኪያ።»

«መለኪያ እያለህ ነው የምትልሰው?»

«ደንበኛው ዞር ሲል በመለኪያው አያለሁ። ሲመጣ እቀምሳለሁ።»

«ምላስህ ምንም አያውቅም ማለት ነው?»

«አንዳንዴ ያውቃል።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥርስህን ያስበላኸው ለቲያትር ነው?»

ሽቦውን እየላጠ፣ ቀና ሳይል አወራኝ። «ወጣት ሆኜ በመለኪያ ነበር የምሠራው። አንድ የጭነት መኪና ያለው ሰው መጣ። ተንሳፋፊው ቀዩ ላይ ነው፣ ሞቷል አልኩት። እንደገና እየው አለኝ። አየሁት። የአጎቴ አማች ነው። ቤተሰብ ነን፣ እስከ ነቀምት ብቻ፣ እንደገና እየው ይለኛል። አምስት ጊዜ አየሁለት። በአምስተኛው ምናልባት ያደርስህ ይሆናል አልኩ። ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋበት፣ መብራት የለውም፤ ከኋላ የመጣው መኪና አላየውም።»

«ሞተ?»

«እግሩ ተቆረጠ። አሁንም በበሬ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል። ሰላምታው ነው የባሰው።» ሽቦውን አጠበቀ። «በማግስቱ በምላሴ ጀመርኩ። መስታወት ያየን ሰው እንደገና እየው ይሉታል። አሲድ የላሰን ሰው እንደገና ላስ ያለው የለም።»

«ይሄ በሽታ ነው።»

«ነው» አለ። «በይ ቁልፉን አዙሪ።»

አዞርኩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ሪሌዋ ከወንበሩ ሥር «ጠቅ» ስትል ሰማኋት። አጠፋሁ፤ እንደገና «ጠቅ»፣ ለቀቀች። ያቺን ድምፅ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ወደ ማዶ ተሻገርን። ጫልቱ ወገቧን ይዛ ወደ ውሃው ወርዳ ቆማለች። አባቷ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ቶሌራ ከጆንያ ውስጥ በሁለቱም ጫፍ መቆንጠጫ ያለው ወፍራም ገመድ አወጣ።

«አንቺ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ነው ይሄ» አለኝ። «የታችኛው በራሱ ጊዜ ቢሞት በዚህ ከላይኛው ይነሳል። ጀልባው ላይ ግን አይቀመጥም። ደሬሳም ጋ አይቀመጥም።» ወደ ጫልቱ ዞረ። «አንቺ ቤት ይቀመጣል። ምጥ ካልሆነ አይወጣም። አባትሽ ቢጠይቅሽስ?»

ደሬሳ መሬት መሬት ያያል። ጫልቱ ገመዱን ተቀበለች፣ ከብዷት በሁለት እጇ አቀፈችው። አባቷን ቀጥ ብላ ነው ያየችው።

«አባቴ አይጠይቀኝም» አለች። «ልጄን የት እንደቀበርኩት ያውቃል።»

ሽማግሌው ስልኩን ከእጁ ወደ ኪሱ ከተተ። ማንም ምንም አልጻፈም፣ ማንም ምንም አላነበበለትም። ኦቦ ቶሌራ ቆሎውን አውጥቶ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና ዘረጋለት። ሽማግሌው ከዛ መዳፍ ቆሎ ወስዶ ሲበላ አየሁ። እኔ አልችልም ነበር።

ጫልቱ በአራተኛው ቀን ወለደች፤ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያ ደርሳ። ሴት ልጅ። ደሬሳ ደውሎ የነገረኝ ስለ ልጅቷ አስቀድሞ አይደለም። «በአንዴ ተነሳች ኢንጂነር፣ በአንዴ» ነው ያለኝ። ቀጥሎ ነው «ሴት ናት» ያለው። ገመዱ ከቤቷ አልወጣም።

ለአቶ ግርማ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። የመረጥኩት ማዞሪያ ስህተት ነበር ብዬ በራሴ ስም ጻፍኩ። ለምን ስህተት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለቦታው አይሆንም» አልኩ። የመጀመሪያው ባትሪ ለምን እንዳለቀ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «አርጅቶ ነበር» ብዬ ሞላሁ። እጄ እየቀፈፈው ጻፍኩት። አሁንም ይቀፈኛል። አልሰርዘውም።

ኦቦ ቶሌራን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ቤቱ ተኝቶ ነው። አፉን በጨርቅ ይዟል፣ ቃላቱ ግማሽ ግማሽ ናቸው። ክፍሉ ይሸታል፤ ባትሪ አይደለም፣ ሌላ ነገር። ሚስቱ አዴ ሌንሴ በማንኪያ አጥሚት ታበላዋለች፣ ግማሹ በአገጩ ይመለሳል።

«አሲዱ ነው ይሄን ያመጣብህ» አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይማርህ ይላል። እኔ ይሄ ነው የመጣልኝ።

ጨርቁን ዝቅ አደረገ። «ተጸየፍሽኝ?»

«አዎ።»

«ጎሽ» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አመመው።

ከቀብሩ በኋላ አዴ ሌንሴ ቆርቆሮ ቤቱን ከፍታ «የሚጠቅምሽ ነገር ካለ ውሰጂ» አለችኝ። መለኪያውን ከነጋዜጣው ወሰድኩ። ሰዎች ባትሪ ተሸክመው እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ አሁን ማን ይቀምስልናል ይላሉ። ማንም፣ አልኳቸው። ሄዳችሁ አስለኩ።

ባለፈው ሳምንት ደንዲ ወጣሁ። ወንበሩን አንስቼ፣ የሳጥኑን ብሎን ፈትቼ፣ በመስታወቱ ለካሁ። የታችኛው ሙሉ ነው። የላይኛው እንደ ልማዱ ባዶ። ኦቦ ፈይሳ ጀልባዋ ውስጥ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየኛል።

«ቶሌራ ይቀምስ ነበር» አለ።

«እኔ አልቀምስም።»

«እሺ። እንግዲህ ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር፣ ከታችኛው ለስልኬ ትንሽ ነገር…»

«አይሆንም ኦቦ ፈይሳ።»

«እስኪ እንደገና እዪው፣ የኔ ልጅ። ሙሉ ነው አላልሽም? ትንሽ ነው። ሽማግሌ ነኝ፣ ከተማ ያለው ልጄ ይደውልልኛል።»

ደሬሳ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ልጅቷ የስልኩን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች። እኔ፣ ማንንም አላፍርም የምለው፣ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው። ሽማግሌው የለመነኝ በጣም በጥሩ አፍ ነው፣ ልጅቷም ታምራለች፣ ባትሪውም ሙሉ ነው።

«አይሆንም» አልኩ። ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ አይሆንም አልኩ። ማዶ ደረስን። ስወርድ እጄን ብዘረጋለትም ልጅቷን እንደያዘ ዞረ።

መስታወቱን በሐይቁ ውሃ አጥቤ በጋዜጣው ጠቀለልኩት። እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ። አሁንም የዛን ቆርቆሮ ቤት ይሸታል።